የአያ ቢተው የእንጨት ክምር

ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ዕለት ጋቢዬን ከሻንጣ አውጥቼ አልጋዬ ላይ ስዘረጋው፣ አጠገቤ ያለው አልጋ የደረሳት ልጅ አፍንጫዋን ያዘች። ሰሚራ ትባላለች፤ ከቆላ የመጣች፣ ጋቢ ለብሳ የማታውቅ ልጅ ናት።

«ውይ እኅቴ፣ ይሄ ነገር ጭስ ጭስ ይላል! ሳታጥቢው ነው የመጣሽው?»

«አጥቤዋለሁ። አይለቅም።»

«የምን ጭስ ነው ታዲያ ሳሙና የማያስለቅቀው?»

«የወይራ» አልኳት። ሌላውን ለማስረዳት ስለ አንድ ክምር እንጨት፣ ስለ አንድ ሽማግሌና ስለ ታናሽ ወንድሜ መናገር ይጠይቅ ነበር። ገና ዛሬ ባወቅኋት ልጅ ፊት ይህን ሁሉ መዘርገፍ ከበደኝ።

አሁን አሁን ግን ሰሚራ ራሷ ማለዳ ሲበርዳት «እስቲ ያንን ጭስሽን አውሺኝ» ትለኛለች። ተከናንባው አልጋዋ ላይ ቁጭ ስትልና ሽታው ወደ እኔ ሲመጣ፣ ሞጣ ያሳለፍነው ያ ክረምት ይታወሰኛል። ሲታወሰኝም ሥርዓት የለውም፤ አንዳንዱ ሕልም ይሁን እውነት አልለየውም። የማስታውሰውን እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ በፊት የምንኖረው ቢቸና ነበር። አባቴ እዚያ ያስተምራል፤ እናቴ ነርስ ናት። እናቴ የአርባ ምንጭ ልጅ ስለሆነች፣ ወደ ጎጃም ስትመደብ ስለ ብርድ የምታውቀው መጽሐፍ ላይ ያነበበችውን ብቻ እንደነበር ትናገራለች። ቢቸና ቤታችን ውስጥ እሳት ትንሽ ነገር ነበር፤ በረንዳ ላይ የሚቀጣጠል የከሰል ማንደጃ፣ ድስት ተጥዶበት ሲያበቃ ውኃ የሚረጭበት። ሰው እሳትን ከቦ ተቀምጦ እንደሚያወራ አላውቅም ነበር።

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ሲል እናቴ ወደ ሞጣ ተዛወረች። ሆዷ ገፍቶ ነበር። አባቴ ደግሞ የክረምት ትምህርቱን ለመማር ባሕር ዳር መሄድ ነበረበት። ሁለታችንን ከነዕቃችን አውቶቡስ ላይ ጫነና «ጎበዝ ልጅ ሁኚ፤ እማዬን አግዣት» ብሎኝ ወረደ። ጎበዝ መሆን እንዴት እንደሚጀመር ስላላወቅሁ፣ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ወንበሩን ሳልደገፍ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሞጣ የተከራየነው የአያ ቢተውን ቤት ነበር። በግቢው መግቢያ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል አለ፤ እሱን ለእኛ ሰጡን። እሳቸው ከኋላ ባለው ክብ የሣር ጎጆ ይኖራሉ። እናቴ ደነቃት።

«አያ ቢተው፣ ምነው ጥሩውን ቤት ለተከራይ ሰጡ?»

«ቆርቆሮው ጥሩ ነው ያለሽ ማን ነው?» አሉ። «ዝናቡን ይመልሳል እንጂ ብርዱን አይመልስም። ግን አንቺ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ ጎጆ ግቢ ብልሽ ትቀየሚኛለሽ።»

ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀልቶ ያነባል። የሆነ ሰው ሞቶባቸው ለቅሶ ላይ ያሉ መስሎኝ፣ አጠገባቸው ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። የጎጆ ቤት ሠሪ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲያቆሙ ኖረው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ያለ ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ የሞጣ ሰው ጎጆውን እያፈረሰ ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ አያ ቢተው በየደጁ እየዞሩ ድሮ በእጃቸው ያቆሙትን ምሰሶና ቋሚ እየለመኑ ወደ ግቢያቸው ያመጡት ጀመር።

ያንን ነው የከመሩት። ክምሩ ከጎጆው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ፣ ከሣሩ ጣራ ጠርዝ ሥር ቆሟል። ሁሉም ወይራ ነው። የሰው ቤት ውስጥ ቆሞ የብዙ ዘመን ጭስ ስለጠጣ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ በድንጋይ ሲመቱት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይጮኻል። አያ ቢተው ግን ከዚያ ክምር አንዲት ፍላጭ አያነዱም ነበር። ጎጆው ውስጥ የሚያነዱት ከገበያ የመጣ ባሕር ዛፍና ጭራሮ ነው፤ እሱ ደግሞ ክረምት ሲገባ ይረጥብና ቤቱን በጭስ ይሞላዋል።

«ይሄኛውን ለምን አያነዱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱ የተዝካሬ ነው።»

ተዝካር ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ቢቸና ሳለን የጎረቤታችን አባት በሞቱ በአርባኛው ቀን ዳስ ተጥሎ፣ ካህናቱ ጸልየው፣ ሰፈሩ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ «ነፍስ ይማር» ሲል አይቻለሁ። የአያ ቢተው ጭንቀት ያ ነበር። ልጅ የለኝም፣ ስሞት ማን ይደግስልኛል ይላሉ።

«እህሉን ዕድሩ ይችለዋል» ይሉ ነበር ለእናቴ። «እንጨቱ ነው የሚያስቸግረው። ክረምት ላይ ብሞት ደረቅ እንጨት ያለው ማን ነው? በእርጥብ እንጨት የተሠራ ወጥ ጭስ ጭስ እያለ፣ ሰው ነፍስ ይማር በማለት ፈንታ ሲረግመኝ ይውላል!»

ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በዚህ ነገር ሳይቀልዱ አያልፉም። ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ ሲሄዱና ሲመለሱ በአጥሩ ክፍተት ብቅ ይላሉ።

«አያ ቢተው፣ ዛሬም ለሞት ሲሰንቁ ዋሉ?»

«ምን ላድርግ ዘሃራ፣ እንዳንቺ ልጅ አላዘነብኩ።»

«የኔዎቹስ መቼ እንጨት ያመጡልኛል! ሁሉም ኳስ ሜዳ ናቸው።»

«ተዝካሬ ላይ እንዳትቀሪ ብቻ።»

«ሥጋችሁን አልበላ፣ ጠላችሁን አልጠጣ፣ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ንፍሮ አለልሽ።»

«ንፍሮው በዚህ ወይራ ከተቀቀለ እመጣለሁ። ግን ቀኑን ቀደም ብለው ይንገሩኝ፤ የገበያ ቀን እንዳይሆንብኝ!»

አያ ቢተው እየሳቁ ያመጡትን አዲስ ቋሚ ከላይ ጫኑና ወደኋላ ራቅ ብለው አዩት። «ይሄው፣ ጣራውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል» አሉ። «ያን ጊዜ እኔ ዝግጁ ነኝ።»

እኔ አልሳቅሁም። በልጅ ልቤ ነገሩን አሰብኩት። እንግዳ የሚመጣው ድግሱ ሲደርስ ነው። ሞትም እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንጨቱ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ክምሩ ጣራውን የነካ ቀን አያ ቢተው ይሞታሉ። ከዚያ ወዲያ እንጨት ተሸክመው ከበር ሲገቡ ባየሁ ቁጥር በክምሩና በጣራው መሐል የቀረውን በዓይኔ እለካ ነበር። መፍትሔም ፈለግሁ።

«አያ ቢተው፣ ወደ ላይ ከሚሆን ወደ ጎን ቢከምሩትስ?»

«ወደ ጎን ዶሮዎቹ ናቸው» አሉኝ።

የእኔ ሥራ እሳት መጫር ነበር። ሐምሌ እንደገባ መብረቅ ወርዶ በሰፈሩ መብራት ጠፋ፤ ክረምቱን ሙሉም አልመጣም። የኤሌክትሪክ ምድጃችን ጥግ ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የተሰበረ የእንስራ ገል ይዤ ወደ ጎጆው እሄዳለሁ። አያ ቢተው ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍነውት ያድራሉ። ጠዋት አመዱን በእጃቸው ገለጥ ሲያደርጉት ፍሙ ከሥር እንደ ዓይን ይገለጣል። በጣም ነበር የሚደንቀኝ፤ እሳቱ ሌሊቱን ተኝቶ አሁን የነቃ ይመስለኝ ነበር።

«ቀስ ብለሽ ያዢው» ይሉኛል፣ ፍሙን ገሉ ላይ በአመድ አልብሰው እያስቀመጡ። «አትሩጪ። ከሮጥሽ ነፋሱ ይበላዋል።»

ጎበዝ መሆን የጀመርኩት እዚያ ይመስለኛል። ከጎጆው እስከ ቤታችን ያለውን ጭቃ፣ ገሉን በሁለት እጄ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ እራመድ ነበር።

ወንድሜ ያለ ወሩ ተወለደ። እናቴ የምትሠራበት ሆስፒታል ውስጥ ተወልዶ ጥቂት ቀን ቆይተው መጡ። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። የሰው ልጅ ይህን ያህል እንደሚያንስ አላውቅም ነበር። ፊቱ የተጨማደደ፣ ዓይኑ የተጨፈነ ስለሆነ አያ ቢተውን መሰለኝ። ስም አልወጣለትም። «ማሙሽ» ብቻ እንለዋለን። የሰፈሩ ሴቶች ሲጠይቁ እናቴ «ይቆይ፣ ትንሽ ይጠንክር» ትላቸዋለች። ለምን እንደምትፈራ ያኔ አልገባኝም።

«ሙቀትና ጡት ብቻ ነው የሚፈልገው» ብለዋታል ሐኪሞቹ። ይህን ለስንት እናት ስትናገር የኖረች እሷ ራሷ ናት። በነጠላ ደረቷ ላይ አስራ ቀንና ሌት ትይዘዋለች። ክፍላችን ግን ቀዝቃዛ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የምንነጋገረው አይሰማም፤ ሲያባራ ከጣራው የሚወርደው ብርድ ፀጉሬ ውስጥ ይገባል። ከሰል አስገብቶ በር መዝጋትን እናቴ አትሰማም፤ በከሰል ጢስ ታፍነው እሷ ጋ የመጡ ሰዎች አይታለች። እንጨት ስናነድ ደግሞ እርጥቡ ባሕር ዛፍ አረፋ እየደፈቀ ያፏጫል፣ ቤቱ በጭስ ይሞላል፣ ማሙሽ በዚያች ጠባብ ደረቱ ያስላል። ከዚያ ጡቱን ይተዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ በሩ ሥር ተቀምጣ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። በሩን ስትከፍተው ብርዱ ይገባል፣ ስትዘጋው ጭሱ ይታፈናል። ትከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች። እኔ እሳቱን እፍ እል ነበር። እፍ ባልኩ ቁጥር ጭሱ ይብሳል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ መሰለኝና ይበልጥ እፍ አልኩ።

አያ ቢተው ስልቻ ተከናንበው በዝናቡ ውስጥ መጡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። ልጁን አዩት።

«ነይ፣ ወደ ጎጆው ግቢ» አሏት።

«እዚያስ ያው እርጥብ እንጨት አይደል አያ ቢተው? ጭሱን አይችለውም።»

«እርጥብ ማን አለሽ?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ገባት። «አይሆንም» አለች። «እሱንስ አይንኩት። ስንት ዘመን የለፉበትን! ነገ እርስዎ . . .»

«ነገ እኔ ምን? ብሞት ነው? የሞተ ሰው አይበርደውም፣ ልጄ። የበረደው ይሄ ነው።»

መልሷን አልጠበቁም። ዞረው ሄዱ፤ ከዚያ ከክምሩ አናት ላይ እንጨት ሲወርድ ሰማሁ። እንጨት በእንጨት ላይ ሲንሸራተት ያ የደወል ድምፅ በዝናቡ መሐል ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንደ ሕልም የሆነብኝ። ጎጆው ውስጥ ገባን። ቤቱ ክብ ነው፣ ጣራው ከፍ ያለ፣ የውስጡ ሣር በጥላሸት ጥቁር መስታወት የመሰለ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተኛች፤ እኔ በእግሯ በኩል። አያ ቢተው ከበሩ ሥር ቁርበት አነጠፉ። ወይራው ሲነድ አይጮኽም፣ አያፏጭም። ነበልባሉ ዝቅ ያለና ቢጫ ነው። ቀጭን ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ሣሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ታች ለእኛ ሽታው ብቻ ይቀራል። ጣፋጭ፣ ትንሽ መረር ያለ ሽታ ነው። ሰሚራ አፍንጫዋን የያዘችበት ያ ጋቢ ከማሙሽ በላይ ተዘርግቶ ሽታውን ሲጠጣ ከረመ።

አያ ቢተው እንጨቱን ሁሉ ያውቁታል። አንዱን አንስተው በመዳፋቸው ያሹትና ይነግሩናል።

«ይሄ የወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ምሰሶ ነው። ስድስት ሴት ልጅ ድረውበታል።» ምሰሶው ነደደ፤ እኔም በነበልባሉ ውስጥ ነጭ የለበሱ ስድስት ሙሽሮች ተራ በተራ ሲወጡ አየሁ።

«ይሄ ደግሞ የአንድ የቅኔ መምህር ቤት ቋሚ ነው። ተማሪዎቹ እየተደገፉት ሲያንቀላፉ እንዴት እንዳለሰለሱት እይ።» ዳሰስኩት፤ እውነትም የለሰለሰ ነበር። ሲነድ የብዙ ሰው ማጉረምረም የሰማሁ መስሎኝ ነበር።

አንዱ ግን ድንገት ተንጣጥቶ ብልጭታ ረጨ። አያ ቢተው እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ይሄ የነጎሹ ቤት ነው። ባልና ሚስቱ ከጠባ እስኪመሽ ነበር የሚጣሉት። እይ፣ አሁንም አልታረቁም!»

እናቴ ያን ጊዜ ሳቀች። ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ፊቴ ይሞቃል፣ ጀርባዬ ይበርዳል፤ ዞሬ ስቀመጥ ደግሞ ጀርባዬ ይሞቅና ፊቴ ይበርዳል። የማሙሽ ጨርቅ ገመድ ላይ ተሰቅሎ እንፋሎት ያወጣል። ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ገብተው ከምድጃው ራቅ ብለው ይተኛሉ። እናቴ አንድ ቀን የአያ ቢተውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣቷ ገልብጣ አየችና «ዓይንዎን የጎዳው እኮ የስንት ዘመን ጭስ ነው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ያሞቀኝም እሱ ነው።»

እኔ ለእሳት መጫር ደጅ መውጣት ስለቀረልኝ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ፤ አመድ መድፋትና እንጨት ማቀበል። እንጨት ላመጣ በወጣሁ ቁጥር ክምሩን አየዋለሁ። መጀመሪያ በሱና በጣራው መሐል የእኔ ክንድ ገባ። ከዚያ እኔ ራሴ ላዩ ላይ መቀመጥ ቻልኩ። በሌላ ቀን ከኋላው ያለው የጎጆው ግድግዳ ታየ። እየዘፈንኩ እመለሳለሁ። አያ ቢተው ታዘቡኝ።

«ምንድን ነው ደስ ያለሽ?»

«እንጨቱ እያለቀ ነው!»

እናቴ ደነገጠች። «ምን ማለት ነው? ነውር አይደለም?»

«ተያት፣ ተያት» አሉ እሳቸው። «ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«አይሞቱማ። የሚሞቱት ጣራውን ሲነካ ነዋ።»

«እ» አሉ። ከዚያ ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ጭሱ መሰለኝ። ግን ወይራ እንደዚያ አያስለቅስም፤ ያንን ያሰብኩት ብዙ ቆይቼ ነው።

የቢተው ተዝካር እየነደደ ነው ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። አንዳንዱ ይሄ መጥፎ ምልክት ነው አለ። አንዳንዱ ግን ምንም ሳይል መጣ፤ አንዱ በመጋዝ የተቆረጠ ጣውላ፣ አንዷ ጭድ ውስጥ ደብቃ ያቆየችውን ኩበት ይዛ። እትዬ ዘሃራ ደግሞ በአጥሩ ክፍተት አራት የአልጋ እግር አቀበሉኝ።

«የአማቴ አልጋ ነው» አሉ። «ነፍሷን ይማርና፣ እድሜ ልኳን ስታንቀጠቅጠኝ ነው የኖረችው። አሁን እንኳ ሰው ታሙቅ።»

ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደ። ግቢው እንደ ጨው ነጭ ሆነ። እኔ በረዶውን በእፍኜ ይዤ ላሳይ ስገባ ቤቱ ፀጥ ብሏል። ማሙሽ አይጠባም። እናቴ ከንፈሩን ጡቷ ጫፍ ላይ ታሻሻለች፤ አፉን አይከፍትም። እግሩን በጣቷ ትመታዋለች፣ ስሙን ልትጠራው ትሞክራለች፣ ስም የለውም። የከንፈሩ ዙሪያ እንደ አመድ ሆኖ ነበር። በረዶው ከእጄ እየቀለጠ መሬቱ ላይ ተንጠባጠበ።

ክምሩ አልቆ ነበር። መሬቱ ላይ፣ ከሁሉም ሥር፣ አንድ ግዙፍ ምሰሶ ብቻ ቀርቷል። አያ ቢተው ምሳራቸውን ይዘው ወጡ። ደካማ ሽማግሌ ናቸው፤ ወይራ ደግሞ ብረት ነው። በእያንዳንዱ ምት መሐል ቆመው ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር። ፍልጡን በእቅፋቸው ይዘው ገቡ፣ ፍሙ ላይ ደረደሩት።

«ይሄስ የማን ቤት ነው?» አልኳቸው፤ ዝም ብሎ መቀመጡ ስላስፈራኝ።

«የእናቴ ነው» አሉ። «ቤት መሥራት የለመድኩበት። እናቴ ልጅ ትወድ ነበር።»

እሳቱ ቀስ ብሎ ያዘ፤ ከዚያ ጎጆው ሁሉ ወርቅማ ሆነ። እናቴ ልብሷን ከፍታ፣ ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ወደ እሳቱ ጠጋች። እኔ የአያ ቢተውን እናት ጠበቅሁ። ከነበልባሉ ትወጣለች ብዬ ዓይኔን ሳላርገበግብ አየሁ። አልወጣችም፤ ግን አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ቡችላ ውኃ ሲልስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ጠባ» አለች፣ በጣም ዝግ ብላ፣ ሰምቶ እንዳይተወው የፈራች ይመስል።

አያ ቢተው ወደ ውጭ ወጡ። ባዶው የክምር ቦታ ላይ ቆመው በረዶውን በእግራቸው ሲገፉ አየኋቸው።

መስከረም ሲጠባ አባቴ መጣ፣ ፀሐይም ወጣ፣ ማሙሽ ክርስትና ተነሣ። የክርስትና አባቱ አያ ቢተው ሆኑ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ስሙን እንዲያወጡለት እናቴ ጠየቀቻቸው። ልጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልክ እንደ ገል ላይ ፍም፣ ትንሽ አሰቡ።

«ቢያድግልኝ» አሉ።

ከምሰሶው የተረፈው ቁራጭ ንፍሮ ተቀቀለበት። ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ። እትዬ ዘሃራ እፍኝ ንፍሮ እየቃሙ፣ «አያ ቢተው፣ በቃ እንግዲህ ተዝካርዎን በቁምዎ አወጡት!» አሉ።

«አወጣሁት። ነፍስ ይማር በሉኛ!»

«ነፍስ ይማር!» አለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ፣ በሳቅ።

እኔ ብቻ ጮኼ አለቀስኩ። አያ ቢተው ጠርተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ልጁ ላይ የነበረውን ጋቢ አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣሉብኝ። «ይሄ ያንቺ ነው» አሉኝ። «እሳት ያልጠፋው ባንቺ ነው።» በዚያ ዕድሜዬ ከዚያ የበለጠ ጎበዝ መባል አልነበረም።

በዚያው ዓመት እናቴ ተመልሳ ወደ ቢቸና ተዛወረች። ቢያድግልኝ ግን ከተጓዥ ጋር መላክ ከቻለበት ጊዜ ጀምሮ ትምህርት ሲዘጋ ሞጣ ይሄዳል፤ ለክርስትና አባቱ እንጨት ይፈልጣል፣ ይከምራል። በዘንድሮው የሴሚስተር ዕረፍት አብሬው ሄድኩ።

ጎጆው አለ። ከበሩ አጠገብ ሁለት የወይራ ችግኝ በእሾህ ታጥረው ወገቤ ድረስ አድገዋል። እንጨቱ አሁን ባሕር ዛፍ ነው፤ የሚፈርስ ጎጆም የለ፣ ወይራ መቁረጥም ነውር ሆኗል። አያ ቢተው ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። በድምፄ አወቁኝ፣ ፊቴን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ጋቢ ሲያገኙ አሽትተው ፈገግ አሉ።

«ጎበዜ፣ አልለቀቀም?»

«አይለቅም፣ አያ ቢተው።»

ወንድሜ ከውጭ እንጨት ሲደረድር ይሰማ ነበር። ወጥቼ አየሁ። ክምሩ በጣም ከፍ ብሏል። ቢያድግልኝ ጉቶ ላይ ቆሞ የመጨረሻዎቹን ፍልጦች ካስተካከለ በኋላ ወረደ። በክምሩና በሣሩ ጣራ መሐል ግን ክፍት ቦታ ቀርቶ ነበር። አንዲት ዶሮ እዚያ ገብታ ተኝታለች።

«እዚህ ጋ እኮ አንድ ረድፍ ይገባል» አልኩት።

«አይቻልም» አለ ትከሻውን ነቅንቆ። «ሁሌም አታስነካው ይሉኛል። ለምን ስላቸው አይነግሩኝም።»

አያ ቢተው በትራቸውን ይዘው ከበሩ ብቅ አሉ። ክምሩን እየዳሰሱ መጡ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ሰደዱ፣ ዶሮዋ ቅር እያላት ጠጋ አለችላቸው።

«እስቲ ለኪው» አሉኝ። «እኔ አላይም። ስንት ቀረው?»

እጄን ዘርግቼ ለካሁት። «ስንዝር» አልኳቸው፤ ድምፄ እንደ ድሮው ዝቅ ብሎ ወጣ።

«ይበቃል» አሉ። «እንዲያ ይሁን።»